ኳሷ ውሃ ገባች፤ ከዚያስ? የጎልፍ የውሃ ቅጣት ከሀ እስከ ፐ

ኳሷን መታችኋት። አነሳሷ ጥሩ ነበር። መሃል ላይ ግን ወደ ቀኝ መታጠፍ ጀመረች፣ ኩሬው ላይ ደረሰች፣ ውሃው ተረጨ፣ አለቀ። የቀረው ክብ እየሠራ የሚሰፋ ሞገድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚያየው ሞገዱን ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እሱን ነበር የማየው። አንድ ቀን ኳሴ ኩሬውን በሰያፍ አቋርጣ መሃሉ ላይ ወደቀች። ሞገዱ ትይዩ ወዳለው ዳር ሄድኩ፣ አዲስ ኳስ ጣልኩ፣ መታሁ። አብሮኝ የሚጫወተው ሰው ቀስ ብሎ፣ «ኳስህ ወደ ውሃው የገባችው እኮ እዚያ ዛፉ ጋ ነው፤ አንተ አሥር ሜትር ወደፊት ሄደህ ነው የመታኸው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከተሳሳተ ቦታ በመምታቴ ሁለት ምት ተጨመረብኝ። አንድ የነበረው ቅጣት ሦስት ሆነ።

ስለዚህ ይህን መመሪያ ከሕጉ በፊት ከዓይን ልጀምረው።

አስቀድሞ፦ የተሻገረችበትን ነጥብ ያዙ

ኳሷ ውሃው ውስጥ የት እንደወደቀች ለቅጣቱ ምንም አይጠቅምም። የሚፈለገው፣ ወደ ውሃው ስትሄድ በዙሪያው በችካል ወይም በመስመር የተከለለውን ክልል ጠርዝ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻገረችበት ነጥብ ነው። አየር ላይ ሆና ብትሻገርም ያው ነው፤ ከሥሯ ያለው የጠርዙ ቦታ ይያዛል።

እንዲህ አድርጉ። ከመታችሁ በኋላ ዱላውን አትወርውሩ፣ ፊታችሁንም አታዙሩ። ኳሷን እስከ መጨረሻው ተከተሏት። ጠርዙን ስታልፍ ከጀርባዋ ያለውን ነገር ያዙ፦ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ችካል፣ ጠቆር ያለ ሣር። ወዲያው ጮክ ብላችሁ ለሌሎቹ ተናገሩ፤ «ከትልቁ ዛፍ በስተግራ ገባች አይደል?» በሉ። እነሱም ያዩትን ይነግሯችኋል። ሁለት መቶ ሜትር ተጉዛችሁ ኩሬው ዳር ስትደርሱ መሬቱ ከሩቅ ሲታይ እንደነበረው አይሆንም። ያን ጊዜ የሚያድናችሁ ያ ዛፍ ነው።

ነጥቡን በሴንቲሜትር ልክ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ሕጉ የሚጠይቀው በቅንነት የተደረገ ምክንያታዊ ግምት ነው። ግምታችሁ እንደዚያ ከሆነ፣ በኋላ ቪዲዮ ታይቶ ትንሽ የተለየ ነገር ቢወጣ እንኳ አትቀጡም። ይህ ጎልፍን የምወድበት አንዱ ምክንያት ነው፤ ሕጉ ተጫዋቹን ያምነዋል።

ችካሉ ቢጫ ነው ወይስ ቀይ?

እስከ 2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መጨረሻ ድረስ ስሙ «የውሃ መሰናክል» ነበር። በ2019 የጎልፍ ሕግን የሚያወጡት አር ኤንድ ኤ እና ዩ ኤስ ጂ ኤ ሕጉን በሰፊው ሲያድሱ «የቅጣት ክልል» ሆነ። ስሙን ስትሰሙ በረኛና የአሥራ አንድ ሜትር ምት ትዝ ይሏችሁ ይሆናል፤ ከዚያ ጋር አይገናኝም። «የቅጣት ምት»ም እንደዚሁ። እግር ኳስ ላይ ቅጣት ምት የምትመቱት ነገር ነው። ጎልፍ ላይ ግን ማንም አይመታውም፤ የውጤት ካርዳችሁ ላይ የሚደመር ቁጥር ነው።

ስሙ የተቀየረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2019 ወዲህ የጎልፍ ሜዳው ኃላፊዎች ውሃ የሌለበትን ቦታም፣ ለምሳሌ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦን ወይም ገደልን፣ በዚህ ስም ማካለል ይችላሉ። ደርቆ የተሰነጠቀ ቦይ ውስጥ ኳሳችሁን አግኝታችሁ «ውሃ የለም እኮ» ብትሉ አይሠራም። ወሳኙ ምልክቱ ነው።

ምልክቱ ችካል ወይም መሬት ላይ የተቀባ መስመር ነው። ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው፦ ቢጫና ቀይ። ቢጫ ሁለት የመውጫ መንገድ ይሰጣችኋል፣ ቀይ ሦስት። በሜዳው ክልል ውስጥ ያለ ኩሬ ወይም ወንዝ ምንም ምልክት ከሌለው እንደ ቀይ ይቆጠራል።

ጠርዙ የት ጋ እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል። ችካል ከሆነ፣ ጠርዙ በችካሎቹ ውጫዊ ጎን መሬት ላይ የሚያልፈው መስመር ነው፤ ችካሉ ራሱ ክልሉ ውስጥ ነው። የተቀባ መስመር ከሆነም የመስመሩ ውጫዊ ጠርዝ ነው። የኳሷ ጫፍ ትንሽ እንኳ ጠርዙን ከነካ ወይም ከጠርዙ በላይ ካለ፣ ኳሷ ውስጥ ናት። ችካሉ ለአመታታችሁ እንቅፋት ከሆነና በቀላሉ የሚነቀል ከሆነ፣ መንቀል ትችላላችሁ፤ ቅጣት የለውም። ከመታችሁ በኋላ መልሳችሁ ትከሉት። የሜዳውን ዳር ድንበር የሚያሳየውን ነጭ ችካል ግን እንዳትነኩት።

እውነት ውሃ ገብታለች?

ይህን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። ኳሷ ጠፍታለች፣ አጠገቡ ኩሬ አለ፣ እንግዲህ ኩሬ ገብታለች ማለት ነው፤ እንዲህ ያስባል። ሕጉ ግን በዚህ አይረካም። ኳሷ የቅጣት ክልሉ ውስጥ መሆኗ መታወቅ አለበት፣ ወይም ቢያንስ 95 ከመቶ እርግጠኛ መሆን አለባችሁ።

ውሃው ሲረጭ አይታችኋል? ታውቋል። አላያችሁም፣ ግን በኳሷ መንገድ ላይ ያለው ሣር አጭር ነው፣ ኳስ የሚደብቅ ነገር የለም፣ መሬቱም ወደ ኩሬው ያዘነብላል? ይህም እርግጠኛ ያሰኛል። በፌርዌዩ (ሣሩ አጥሮ በታጨደው የጨዋታ መንገድ) እና በኩሬው መካከል ግን ጉልበት የሚደርስ ሣር ካለና ኳሷ እዚያ ልትሆን የምትችል ከሆነ፣ እርግጠኛ አይደላችሁም። መፈለግ አለባችሁ።

ለመፈለግ ያላችሁ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ድሮ አምስት ነበር። የሚቆጠረው ከመታችሁበት ሰዓት ሳይሆን መፈለግ ከጀመራችሁበት ነው። ሦስቱ ደቂቃ ካለቀና ኳሷም ካልተገኘች፣ እርግጠኝነትም ከሌለ፣ ኳሷ ጠፍታለች። የጠፋች ኳስ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያላት፤ አንድ ምት ቅጣት ጨምራችሁ ወደ መታችሁበት ትመለሳላችሁ። የውሃው ቅጣትም አንድ ምት፣ የጠፋችው ቅጣትም አንድ ምት ነው። ልዩነቱ ርቀቱ ነው። አንዱ ኩሬው ዳር ያቆማችኋል፣ ሌላው ሁለት መቶ ሜትር ወደ ኋላ ይመልሳችኋል።

ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ገና ከመነሻው ሳትንቀሳቀሱ የመጠባበቂያ ኳስ ምቱ። «የመጠባበቂያ ኳስ ልመታ ነው» ብላችሁ ተናገሩ፣ ዝም ብላችሁ አትምቱ። ግን አንድ ወጥመድ አለ። የመጠባበቂያ ኳስ የሚፈቀደው ኳሷ ከቅጣት ክልሉ ውጪ ጠፍታ ወይም ከሜዳው ድንበር ወጥታ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ስትሰጉ ነው። ያለችው ውሃ ውስጥ ብቻ እንደሆነ እያወቃችሁ ሌላ ኳስ ከመታችሁ፣ ስሟን «መጠባበቂያ» ብትሏትም ዋናዋ ኳስ እሷ ትሆናለች፣ ቅጣቱም ተቆጥሯል። አንዳንድ ሜዳ ይህን የሚፈቅድ የራሱ ደንብ ስላለው ካርዱ ጀርባ ላይ አንብቡ።

በተገላቢጦሹም፣ መጠባበቂያዋን መትታችሁ ወደፊት ስትሄዱ የመጀመሪያዋ ኳስ ውሃ ውስጥ መሆኗ ከተረጋገጠ መጠባበቂያዋን ትተዋላችሁ። የቱንም ያህል ቆንጆ ቦታ ብታርፍ ምርጫ የላችሁም።

ባለችበት መምታት

ከቅጣት ክልል ውስጥ መምታት ክልክል አይደለም። ኳሷ ከታየቻችሁና መምታት ከቻላችሁ ባለችበት ምቷት፣ ቅጣቱ ዜሮ ነው። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ቀሏል። ዱላችሁን መሬት ላይም ውሃ ላይም ማሳረፍ ትችላላችሁ። የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ማንሳት ይፈቀዳል። ድሮ እነዚህ ሁሉ ያስቀጡ ነበር። አሁንም የሚያስቀጣው ለራስ ማመቻቸት ነው፤ የበቀለ ደንገል መስበር ወይም መሬቱን በእግር መደልደል ሁለት ምት ያስጨምራል።

የማይፈቀደው ደግሞ ይህ ነው፦ ኳሷ ክልሉ ውስጥ ሳለች «መጫወት አይቻልም» ብላችሁ ለእንዲህ ያለ ኳስ በተሠራው ሌላ ሕግ መውጣት አትችሉም። መሬት ውስጥ ተቀብራለች፣ ድልድይ ከልክሎኛል ብላችሁም በነፃ ማንሳት የለም። ወይ ባለችበት ትመታላችሁ፣ ወይ የክልሉን ቅጣት ከፍላችሁ ትወጣላችሁ።

መቼ ይመታ? በ2011 ቱር ቻምፒዮንሺፕ ላይ ቢል ሃስ ኢስት ሌክ በሚባለው ሜዳ፣ በማሸነፊያው ተጨማሪ ጨዋታ ላይ፣ ኳሱ ሐይቁ ዳር ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ ሆና አገኛት። አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ አድርጎ መታት፣ ከቀዳዳው አጠገብ ቆመች፣ በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰደ። ያንን ቪዲዮ ያየ ሁሉ ጫማውን ማውለቅ ያምረዋል። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ ከኳሷ ግማሹ ከውሃው በላይ ካልታየኝ አልሞክራትም። በ1999 ዠን ቫን ደ ቬልደ ካርኑስቲ ላይ፣ በኦፕን ሻምፒዮናው የመጨረሻ ቀዳዳ (ሜዳው የሚከፈልባቸው የጨዋታ ክፍሎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ)፣ ጫማና ካልሲውን አውልቆ ወንዙ ውስጥ ገባ። ቆሞ ኳሷን አያትና ሐሳቡን ቀየረ፤ ቅጣቱን ወስዶ ወጣ። ዋንጫው በስተመጨረሻ ቢያመልጠውም ያቺ ውሳኔው ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ። ውሃ ውስጥ የሰመጠች ኳስ ዱላው ሲመታት ብዙ ጊዜ እዚያው ትቀራለች፣ ያኔ ምቱም ሄደ፣ ቅጣቱም ይመጣል።

መውጫዎቹ

ለመውጣት ከወሰናችሁ አንድ ምት ይጨመራል። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ቅጣቱ ያው አንድ ነው። ሌላ ኳስ መጠቀምም ትችላላችሁ፣ የሰመጠችውን ማውጣት የለባችሁም።

የመጀመሪያው መንገድ ወደ መታችሁበት መመለስ ነው። ለቢጫም ለቀይም ይሠራል። የመታችሁት ከመነሻው ከሆነ መነሻው ክልል ውስጥ የትም ቦታ ሆናችሁ፣ እንደገና ቲ (ኳሷን ከመሬት ከፍ የምታደርገው ትንሽ ችንካር) ላይ አስቀምጣችሁ መምታት ትችላላችሁ። ከፌርዌይ ከሆነ ከመታችሁበት ቦታ በአንድ የዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ቀዳዳው ሳትቀርቡ ትጥላላችሁ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። በ2013 ማስተርስ ውድድር 15ኛው ቀዳዳ ላይ ታይገር ውድስ የመታት ኳስ የባንዲራውን እንጨት መትታ ወደ ውሃ ተመለሰች። ወደ መታበት ተመለሰ፣ ግን ሁለት ያርድ (1.8 ሜትር) ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ጣለ። ይህንኑ ራሱ በቃለ መጠይቅ ተናገረ። ሁለት ምት ተጨመረበትና 6 የነበረው 8 ሆነ። በዛሬው ሕግም ቢሆን ሁለት ያርድ ከአንድ ዱላ ይረዝማል።

ሁለተኛው መንገድ በመስመሩ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ይህም ለሁለቱም ቀለም ይሠራል። ኳሷ ጠርዙን የተሻገረችበትን ነጥብ አግኙ። ከዚያ ነጥብ ጀርባ ቁሙና ባንዲራውን እዩ። ነጥቡና ባንዲራው በአንድ ቀጥታ ላይ ሲሆኑ በዚያው መስመር ወደ ኋላ ሂዱ። የፈለጋችሁትን ያህል መሄድ ትችላላችሁ፣ ገደብ የለውም። እኔ ዱላዬን እንደ ቱንቢ ፊቴ አንጠልጥዬ ባንዲራውንና ነጥቡን በእሱ አሰልፋለሁ፤ በዓይን ብቻ ሲሆን ወደ ጎን ማዘንበል ይመጣል። ኳሷን የምትጥሉት መስመሩ ላይ ነው። መሬት ከነካችበት ቦታ ተነስቶ በየትኛውም አቅጣጫ እስከ አንድ የዱላ ርዝመት ብትንከባለል ተቀባይነት አላት። ትንሽ ወደፊት ብትሄድም ችግር የለውም፣ ወደ ክልሉ እስካልተመለሰች ድረስ። ይህ በ2023 የመጣ ለውጥ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የቀይ ብቻ ነው፤ የጎን መውጫ። ከተሻገረችበት ነጥብ ሁለት የዱላ ርዝመት ለክታችሁ፣ ወደ ቀዳዳው ሳትቀርቡ ትጥላላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ይህ ነው፣ በትክክል የሚለካው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ነጥቡ ላይ አንድ ቲ ትከሉ። ከቦርሳችሁ ረጅሙን ዱላ አውጡ። ፓተር (ኳሷን ወደ ቀዳዳው ማንከባለያው ዱላ) አይቆጠርም፣ ረጅም ቢሆንም። አብዛኛው ሰው ጋ ረጅሙ ድራይቨሩ (ከመነሻው ራቅ አድርጎ መምቻው ዱላ) ነው፣ አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት ሴንቲሜትር ገደማ። ድራይቨሩን ከቲው ጀምራችሁ መሬት ላይ አጋድሙ፣ ጫፉን ያዙ፣ እንደገና አጋድሙ። መጨረሻው ላይ ሁለተኛ ቲ ትከሉ። አሁን ሁለት ሜትር ከሠላሳ አካባቢ ለክታችኋል። ከመጀመሪያው ቲ ወደ ቀዳዳው የሚቀርበው ጎን ሁሉ አይፈቀድም። የቀረው ግማሽ ክብ የሚመስል ቦታ የእናንተ ነው። ከዚያ ውስጥ ሣሩ አጭር የሆነበትን፣ መሬቱ ደልዳላ የሆነበትን ምረጡ። የምትለኩት በራሳችሁ ዱላ ነው እንጂ በጓደኛችሁ ረጅም ዱላ አይደለም።

አሁን በቢጫና በቀይ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ወሳኝ የሚሆንበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ከግሪኑ (ቀዳዳው ካለበት በጣም አጭር ሣር) ፊት ለፊት ኩሬ አለ እንበል። ኳሳችሁ ውሃውን ተሻገረች፣ ከግሪኑ በታች ያለው ቁልቁለት ላይ አረፈች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራታ ውሃ ገባች። ለመጨረሻ ጊዜ ጠርዙን የተሻገረችው የት ጋ ነው? በግሪኑ በኩል ነው። ችካሉ ቀይ ከሆነ፣ እዚያው በግሪኑ በኩል ሁለት የዱላ ርዝመት ትለካላችሁ። ቦታው ጠባብ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ወደ ቀዳዳው መቅረብ አይቻልም፤ የምትጥሉበት መሬት ካገኛችሁ ግን ውሃውን ዳግም መሻገር ቀረላችሁ። ቢጫ ከሆነ ያ ዕድል የለም። ከባንዲራው በነጥቡ በኩል ወደ ኋላ የሚሄደው መስመር ኩሬውን ያቋርጣል፣ እናንተም ከኩሬው ወዲህ ማዶ ትሆናላችሁ። ውሃውን እንደገና መሻገር አለባችሁ። ሜዳ ሠሪው ቢጫ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ፈልጎ ነው።

አንዳንድ ቀዳዳ ላይ አራተኛ ነገር አለ፤ ሜዳው ራሱ ያዘጋጀው የመጣያ ቦታ። ዙሪያው በመስመር ወይም በምልክት ይታያል። ቲ ፒ ሲ ሶውግራስ 17ኛው ቀዳዳ ላይ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግሪኑ ውሃ የከበበው ደሴት ነው፣ ከመነሻው 125 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ከመሄድ ይልቅ ወደ መጣያው መሄድ ይቀላል። ቅጣቱ እዚያም አንድ ነው።

አጣጣል

ኳሷን በጉልበታችሁ ከፍታ ያዙ። ቆማችሁ የሚለካው የጉልበት ከፍታ ነው። ከዚያ ልቀቋት። አትወርውሯት፣ አታሽከርክሯት፣ በቀጥታ ትውረድ። መሬት ከመንካቷ በፊት እናንተንም ዱላችሁንም እንዳትነካ። ድሮ ክንድ ዘርግቶ በትከሻ ከፍታ ነበር የሚጣለው። የለመደበት ሰው ዛሬም እጁ ወደ ላይ ይሄድበታል። በዚያ መንገድ ከጣላችሁና ከመምታታችሁ በፊት ካወቃችሁ አንስታችሁ በትክክል ጣሉ፣ ቅጣት የለውም። ሳታርሙ ከመታችሁ ግን ቅጣት ይቆጠራል።

ኳሷ በትክክል ተጥላ የተፈቀደው ቦታ ውስጥ ከቆመች ጨርሳችኋል። ተንከባላ ከወጣች ሁለተኛ ጊዜ ጣሉ። ሁለተኛም ከወጣች፣ በሁለተኛው አጣጣል መጀመሪያ መሬት የነካችበት ላይ በእጃችሁ አስቀምጧት። ሦስተኛ መጣል የለም።

ቁልቁለት ላይ ካስቀመጣችኋትስ በኋላ ብትንቀሳቀስ? በ2019 ፊኒክስ ኦፕን የመጨረሻ ቀን ሪኪ ፋውለር 11ኛው ቀዳዳ ላይ ኳሱ ውሃ ገባችበት። ሁለት ጊዜ ጣለ፣ ተንከባለለች፣ ስለዚህ በእጁ አስቀመጣት። ቆመች። ግሪኑን ለማየት ራመድ ሲል ኳሷ ራሷ ተንሸራታ ውሃ ገባች። አልነካትም፣ ግን በጊዜው ሕግ ኳሷ ባለችበት ስለምትቆጠር ሌላ አንድ ምት ተጨመረበት። ቀዳዳውን በ7 ጨረሰ፣ ውድድሩን ግን አሸነፈ። በ2023 ይህ ተስተካከለ። አሁን የተጣለች፣ የተቀመጠች ወይም ወደ ቦታዋ የተመለሰች ኳስ ከቆመች በኋላ ራሷ ተንቀሳቅሳ ወደ ሌላ የሜዳው ክልል ብትገባ፣ ያለ ቅጣት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ብዙ ሰው ይህን ለውጥ እስካሁን አልሰማም፣ ስለዚህ አብሯችሁ የሚጫወተው ሰው ቢከራከር በትዕግሥት አስረዱት።

አዲሷን ኳስ ጥላችሁ ሳለ የመጀመሪያዋ ሣር ውስጥ ብትገኝስ? ዘግይታለች። እርግጠኛ ሆናችሁ አዲሷን በሥርዓቱ ከጣላችሁ ጨዋታ ላይ ያለችው እሷ ናት። የድሮዋን ብትመቱ የተሳሳተ ኳስ መምታት ይሆናል። አዲሷን ሳትጥሉ ከተገኘች ግን የመጀመሪያዋን ትጫወታላችሁ።

ከተሳሳተ ቦታ መምታት፣ እኔ ላይ እንደደረሰው፣ በምት ቆጠራ ጨዋታ ሁለት ምት ነው፤ በማች ፕሌይ (አሸናፊው ቀዳዳ በቀዳዳ በሚለይበት ጨዋታ) ቀዳዳውን ያሳጣል። ስህተቱ ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በምት ቆጠራ የሚቀጥለውን ቀዳዳ ከመጀመራችሁ በፊት ካላረማችሁት ከውድድር ያስወጣል። ከመምታታችሁ በፊት የነቃችሁ እንደሆነ ግን ኳሷን አንሱና አስተካክሉ። በነፃ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከመምታቴ በፊት ጓደኛዬን «ቦታው ልክ ነው?» ብዬ የምጠይቀው።

ቆጠራው

ከመነሻው መታችሁ፣ ውሃ ገባች፤ አንድ። ቅጣቱ ሁለት። ከጣላችሁ በኋላ የምትመቱት ሦስተኛው ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ «ሁለተኛዬን ልመታ ነው» ይላል። ቅጣቱን እዚያው ቆማችሁ፣ ኳሷን ስትጥሉ በቃል ቁጠሩት። ግሪን ላይ ደርሳችሁ ማስታወስ ከባድ ነው።

ውሃ ሁለት ሦስቴ ሲደጋገም ደግሞ ቁጥሩ ይሸሻል። ጆን ዴሊ በ1998 ቤይ ሂል ላይ፣ ፓር 5 በሆነው (በአምስት ምት ይጠናቀቃል ተብሎ በሚጠበቀው) 6ኛው ቀዳዳ፣ ስድስት ኳስ ውሃ ከትቶ በ18 ጨርሷል። እንዲህ ያለውን በጣት ቆጥሮ መያዝ ያስቸግራል።

መካከለኛውን ምሳሌ አብረን እንቁጠረው። በ2020 ማስተርስ የመጨረሻ ቀን፣ ታይገር ውድስ 12ኛው ቀዳዳ ላይ ነው። ፓር 3 ነው፣ ፊት ለፊቱ ሬይስ ክሪክ የሚባለው ወንዝ አለ። ከመነሻው መታ፣ ኳሷ ተመልሳ ወንዝ ገባች፤ 1። ቅጣት፤ 2። ጥሎ መታ፣ አሁንም ወንዝ፤ 3። ቅጣት፤ 4። ጥሎ መታ፣ ግሪኑን አልፋ ከኋላው ያለው ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ገባች፤ 5። ከባንከሩ መታ፣ ግሪኑን አቋርጣ ወንዝ ገባች፤ 6። ቅጣት፤ 7። ባንከሩ ውስጥ ተመልሶ ጣለና መታ፤ 8። ከዚያ ሁለት ፓት (በፓተር የሚመታ ምት)፤ 9 እና 10። በዱላ የመታው ሰባት ነው፣ ቅጣቱ ሦስት፤ ካርዱ ላይ 10 ተጻፈ። ከቀሩት ስድስት ቀዳዳዎች ደግሞ በአምስቱ በርዲ (ከፓር በአንድ ያነሰ ውጤት) ሠራ።